ጠብቆ ወይስ ላልቶ

ጥቅምት 4

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ጉሮሮውን ሊታይ ሄዶ ተመለሰ።

ጥቅምት 5

ትናንት ብዕሩ ከዚያ በላይ አልሄድ አለኝ።

ሐኪሙ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው አስገብቶ አየለት። ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ ትንሽ ነገር በቅላለች። ተቆርጣ መውጣት አለባት፤ ደግ ትሁን ክፉ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ቀጠሮ የሰጡት ለታኅሣሥ መጨረሻ ነው። "ከዚያ በኋላስ ድምፄ?" ብሎ ሲጠይቅ ሐኪሙ "እሱን አብረን እናያለን" አለው። ጋሼ ይህን የነገረኝ የሐኪሙን በአፍንጫ የሚወጣ አነጋገር አስመስሎ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሬዲዮ ዜና ያነበበ ሰው ነው፤ ማንንም ያስመስላል። ሳቅን። ባለቤቱ አልሳቀችም። ሳህኖቹን አነባብራ ወደ ጓዳ ገባች።

"መጽሐፉን ግን ሳልጨርስ አልተኛላቸውም" አለኝ።

መጽሐፉ ስቱዲዮው የተዋዋለው የሚደመጥ መጽሐፍ ነው። አንባቢው ወንድሜ፣ የንባብ አዘጋጇ እኔ። ሥራዬ ጽሑፉን ለጆሮ እንዲመች ማሰናዳት፣ ሲቀረጽ ደግሞ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ ስህተት መልቀም ነው። ራሴ አጫጭር ታሪኮች እጽፋለሁ። በኔ ታሪኮች ውስጥ ሰዎች ቤት ይቀይራሉ፣ ይታመማሉ፣ ዝም ይላሉ። ይኼኛው ምናባዊ ነው። ጉድጓዶች ያወራሉ።

ጋሼ በር ድረስ ሸኘኝና "ለስቱዲዮው አለቃ ትንፍሽ እንዳትዪ" አለ። "ካወቀ በነጋታው ሌላ አንባቢ ነው የሚያስቀምጠው።"

"እኔ ምን አገባኝ" አልኩት። እሺ ማለቴ ነው። እሱ ይገባዋል።

ጥቅምት 9

የመጀመሪያው ቀረጻ። ክፍሉ ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ ነው፤ ገብተህ በሩ ሲዘጋ የገዛ ልብህን ትሰማለህ። የድምፅ ባለሙያውን ሁሉም "ጆሮ" ነው የሚሉት። ወፍራም፣ ረጋ ያለ፣ የሦስት ልጆች አባት። ገና በመጀመሪያው ገጽ አስቆመን።

"ጋሼ፣ ምሳ አልበሉም እንዴ? ሆድዎ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ገባ እኮ።"

ጋሼ ሥራ የሚጀምረው እንደ ሬዲዮው ዘመን ነው። ማይኩ ፊት ተስተካክሎ ይቀመጣል፣ ኮሌታውን ይነካል፣ "ይሰማል?" ይላል። ጆሮ "ይሰማል ጋሼ" ይላል። ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፉ የሚገለጠው።

ታሪኩ ይህን ይመስላል። አንድ ከተማ አለ፤ ጉድጓዶቹ ሰው የነገራቸውን ሁሉ ይዘው ያስቀራሉ። አንዲት ውሃ ቀጂ አሮጊት ገና የተወለደች ሕፃን አቅፋ "ይህች ልጅ ትሰማለች" ትላለች። ከተማው ልጅቷን ጉድጓድ አፍ ላይ እያስቀመጠ ያሳድጋታል፤ የጠፋ ምስጢር እንድታዳምጥለት። እንዲህ እያለች ታድጋለች።

ጋሼ አሮጊቷ ጋ ሲደርስ አቆመና በመስታወቱ አየኝ። "ትሰማለች የሚለው ጠብቆ ነው ላልቶ?"

ከሥር ያለውን አንቀጽ እየሰረዝኩ ነበር። "ጠብቆ" አልኩት ቀና ሳልል። ሁለቱም ያስኬዳል።

ድምፁ ጥሩ ነበር። እንደ ድሮው።

ጥቅምት 13

ሁለተኛው ምዕራፍ አለቀ። አለቃ ኮሪደር ላይ ለቢሮ ጸሐፊዋ ሲናገር ሰማሁ፦ "ሽማግሌው ረጋ አሉብኝ። ሰው ዛሬ በእጥፍ ፍጥነት ነው የሚያዳምጠው።" ጸሐፊዋ "እሳቸው ሲያነቡማ በእጥፍም ቢሆን ጤነኛ ሰው ነው የሚመስሉት" አለችው። እግዜር ይስጥልኝ ብያታለሁ በሆዴ።

ጤነኛ። ቃሉ ለምን እንደቆረቆረኝ እንጃ።

ጥቅምት 18

ቅዳሜ። ፍጥነትን የምለካበት መሣሪያ አገኘሁ፦ ካውያ።

የጋሼ ባለቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ትተኩሳለች። የተቀረጸውን በስልኬ ይዤ ሄድኩና ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩላት። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በገመድ ወደ ጉድጓዱ ስትወርድ ካውያው ከሸሚዙ በላይ አየር ላይ ቀረ። የከተማው ሦስት ጠቢባን የጉድጓዶቹን ታሪክ ሊያስረዱ ሲቀመጡ ደግሞ የጎረቤት የውሃ ታንከር ስለማፍሰሱ ታወራኝ ጀመር። ካውያው በቆመበት ሁሉ ኅዳጉ ላይ "ካ" ብዬ ጻፍኩ። ታንከሩ በተነሣበት ሁሉ ምልክት ሳያስፈልገኝ አወቅሁት።

"ይቺ ልጅ ምኗ እንደሚያስወድዳት ታውቂያለሽ?" አለችኝ። "ሰው ሲያወራ አታቋርጥም።"

እኔ የጻፍኳቸው ሰዎች ሁሉ ያቋርጣሉ። በዚህ በመጽሐፉ ደራሲ ቀናሁባት።

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፦ "ወንድምሽ በየመስመሩ ያርፋል አይደል? ከድሮው ይልቅ።"

"የአነባበብ ስልት ነው" አልኳት።

ሸሚዙን ገለበጠችው። "ደረቀብኝ፤ እስቲ ያን ውሃ አቀብይኝ።"

ጥቅምት 24

ደራሲዋ ረጅም ዓረፍተ ነገር ትወዳለች። አንዱን ጀምረህ ሳትጨርሰው ሻይ ይበርዳል። ጋሼ መሃል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይቆማል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ እንደገና። ሦስት ጊዜ ከተመለሰ በኋላ "ይቅርታ" ማለት ይጀምራል። ወንድሜ ይቅርታ ሲል መስማት አልችልም።

ስለዚህ እቆርጣለሁ። አንዱን ዓረፍተ ነገር አራት አደርገዋለሁ። "እና"ን አወጣለሁ፣ አራት ነጥብ አስገባለሁ። ይህን ሥራ አውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት የሠራሁት እሱኑ ነው። አለቃ ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ "ለፍጥነት" አልኩት። ደስ አለው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የነገርኩት።

ጋሼ አዲሱን ገጽ አንብቦ ሲጨርስ፣ "አንቺን አንቺን ይላል" አለኝ።

ኅዳር 2

አለቃ ዛሬ ከመስታወቱ ወዲህ መጥቶ ተቀመጠ። ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ነን። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። ከተማውን ሊወርሩ የመጡት ሰዎች አደባባይ ላይ ድንኳን ጥለዋል፤ እሷ ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች።

"ይቺ ልጅ መቼ ነው የምትመታው?" አለ። "አድማጭ ይጠብቃል። ሰይፍ የለ፣ ጦር የለ።"

ጋሼ ከውስጥ በማይኩ፣ በዜና ድምፁ፦ "ሰው ትምታ ነው የሚሉት ወይስ እሷ ትመታ? ያብራሩልን።"

ጆሮ ሳቁን ለማፈን ጠረጴዛው ሥር ገባ። አለቃም ሳቀ። ከዚያ ነገሩን ወደ ቁም ነገር መለሰውና የልጅቷ ጉብዝና ምኑ ላይ እንደሆነ ጠየቀን። ጆሮ "ትችላለች" አለ። "የምን መቻል?" "መቻል ነዋ። የሰው ነገር ችላ ትቀመጣለች። አድማጭ ግን አንድ ቀን እንደሚሞላ ያውቃል። እሷ በቻለች ቁጥር እሱ ይጨነቃል። ፍጥነቱ እዚያ ላይ ነው ያለው አለቃ፤ አንባቢው ሮጠ አልሮጠ ለውጥ የለውም።"

ይህን ጻፍኩት፤ ምክንያቱም እኔ ማለት የነበረብኝን እሱ ስላለው። አመስጋኝ ነኝ፤ ትንሽም ተናድጃለሁ።

ከወጣን በኋላ ጋሼ መንገድ ላይ ብዙ ሳለ። "አቧራ ነው" አለ። ዘንቦ ነበር።

ኅዳር 6

ሁለት ገጽ ብቻ። ሳል። ቤት አደረስኩት። አልጽፍም።

ኅዳር 7

ምንም አልሆነም። ዛሬ ደህና ነው። "ይሰማል?" ሲል ግን ጆሮ ወዲያው አልመለሰለትም፤ አንድ ቁልፍ ወደ ላይ ገፋ አደረገና ነው "ይሰማል ጋሼ" ያለው።

ኅዳር 11

ደራሲዋ መጣች።

የሂሳብ መምህርት ናት፤ ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። ጠመኔ የነካው ጃኬት ለብሳለች። ለአምስት ዓመት ከትምህርት ሰዓት ውጭ የጻፈችው መጽሐፍ ነው። የተሰናዳውን ጽሑፍ ከጠረጴዛዬ ላይ አንስታ ታገላብጥ ጀመር። የኔ እርሳስ ገጹን ሁሉ እንደ ምስጥ በልቶታል።

"ይቅርታ፣ እርስዎ ነዎት ይህን ያደረጉት?"

"ለጆሮ ነው። ለፍጥነት።"

"እሺ፣ ይቺ" አለችና ጣቷን አሳረፈች። ልጅቷ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ታችኛው ጉድጓድ የምትወርድበት ቦታ ነው። የሷ ግማሽ ገጽ የሚፈጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። የኔ ሰባት ናቸው። "ይቺ የረዘመችው ገመዱ ስለሚረዝም ነው። ሰባት ቦታ ሲቆረጥ ልጅቷ ወደቀች ማለት ነው። የርስዎን ታሪኮች አንብቤያለሁ፤ እወዳቸዋለሁ። ግን ይህን መጽሐፍ እርስዎ አልጻፉትም።"

ፊቴ ጋለ። መልስ ነበረኝ። መልሱን መናገር ደግሞ አልችልም።

በዚያው ቅጽበት ጋሼ ውስጥ ሆኖ ሌላ ምዕራፍ እያነበበ ነበር። ጆሮ ድምፅ ማጉያውን አልዘጋውም። አጭሩን ዓረፍተ ነገር ጨረሰ፤ ትንፋሽ ወሰደ። ትንፋሹ ሲገባ ያፏጫል። ቀጣዩን ጨረሰ፤ ትንፋሽ ወሰደ። ጆሮ ቀረጻው ላይ የሚሰርዘው ነገር ነው፤ እኛ ግን እንዳለ ሰማነው። ደራሲዋ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች። ጋሼ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው፤ አንድ እጁ ደረቱ ላይ።

ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና "እርሳስዎን ያውሱኝ" አለች።

ሰባቱን አራት ነጥቦች በላጲስ አጠፋቻቸው። ዓረፍተ ነገሩን መልሳ አንድ አደረገችው። ከዚያ መሃል መሃሉ ላይ ጻፈች፦ "ገመዱን እጅ ቀየረች"፤ ዝቅ ብላ ደግሞ "ግድግዳውን በእግሯ ተደገፈች"፤ ዝቅ ብላ "እንደገና እጅ ቀየረች"።

"እዚህ እዚህ ጋ ልጅቷ ትረፍ" አለች። "ያን ጊዜ ማንም ቢያርፍ ያምርበታል።"

ስለ ምንም ነገር አልጠየቀችኝም። እኔም ምንም አልነገርኳትም። እስኪመሽ ድረስ ተቀምጠን እጅ ስናስቀይር ዋልን።

ኅዳር 12

ገመዱን አነበበው። በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ እስከ ታች። ሲጨርስ ጆሮ ማዳመጫውን ከራሱ ላይ አውርዶ አስቀመጠው፤ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ጋሼ "ምነው፣ ሆዴ ነው?" አለ።

ዛሬ ሥራው በኔ መቁረጥ ባለማለቁ ደስ ብሎኛል። ለደራሲዋ ልደውልላት አሰብኩ። አልደወልኩም። የተቀረጸውን ላኩላት፤ ይበቃል። አይበቃም። ነገ እደውላለሁ።

ኅዳር 20

አለቃ ሰዓታችንን ወደ ጠዋት አዛወረው። ጠዋቱን ለማስታወቂያ ሥራ ይፈልገው ነበር፤ ትቶታል። ምክንያቱን ጠየቅሁት። "ከሰዓት ጎረቤት ያለው አናጺ ይረብሻል" አለኝ። አናጺ ሰምቼ አላውቅም፤ ጆሮዬን ስፖንጁ ለምዶት ይሆናል። ለጋሼ ግን ተስማማው። ጠዋት ድምፁ እንደ ማታው አይሻክርም።

የቀረጻ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ የእንፋሎት ማሽንም ገብቷል። "አየሩ ደርቋል" አለ አለቃ። "ማይኩ ይጎዳል።"

አሥራ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ልጅቷ ወጣት ሆናለች። አለቃ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ቆርጦ ከዛሬው ጋር አሰማን። ያኛው ጥርት ያለ፣ ይኼኛው ዝግ ያለ፣ ጠርዙ የሻከረ። "ሲያሳድጋት አያችሁ?" አለ። "ድምፁን አብሯት አሳደገው። ይህን ማን ያደርጋል?"

ጋሼ "ልምድ ነው" አለ።

ወደ መታጠቢያ ቤት ሄጄ እጄን ታጠብኩ። እጄ ንጹሕ ነበር።

ታኅሣሥ 3

ማታ። ሁለት ምዕራፍ ቀርቶናል። ነገ የሚቀረጸውን ለማሰናዳት ተቀመጥኩና ስላላስቻለኝ እስከ መጨረሻው ገጽ ዘለቅሁት።

መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የጨረስኩት ዛሬ ነው። ይኸው ጻፍኩት። እስካሁን ምዕራፍ በምዕራፍ፣ የነገውን ለዛሬ እያልኩ ነበር የምሠራው። ጉድጓድ የሚያወራበት መጽሐፍ መጨረሻው ምን ይሆናል ብዬ ነው። ንቄው ነው።

መጨረሻው ላይ ልጅቷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ትቆምና ትናገራለች። ዕድሜዋን ሙሉ ያዳመጠችውን ሁሉ ትናገራለች። ጉድጓዶቹ ከሥር የተያያዙ ናቸው፤ ድምፅዋ በየሰፈሩ፣ በየግቢው ይወጣል። ወራሪዎቹ ድንኳን ውስጥ፣ እናቶች ጓዳ ውስጥ ይደርሳቸዋል። የመጽሐፉ የመጨረሻ መስመር፦ "ልጅቷ ትሰማለች።" ጠብቆ።

ከተማው አሮጊቷን ያዳመጣት ላልቶ ነበር። ትሰማለች፣ ሰሚ ናት፣ ጆሮ አላት፤ አስቀምጧትና ታዳምጥ አሉ። አሮጊቷም አላልታ ነው የምትለው፤ እሷ ራሷ የተናገረችውን አታውቅም። በየምዕራፉ እየመጣች ያንኑ ትላለች። ወረቀት ላይ ፊደሉ አንድ ነው። አንባቢ በዓይኑ አላልቶ ይዞት ይሄድና መጨረሻው መስመር ላይ ይጠብቅበታል፤ ያን ጊዜ ነው ልጅቷ ያደገችው። መጽሐፉ የቆመው በዚህች ቃል ላይ ነው። የአድማጭ ጆሮ ግን እንደ ዓይን ሁለቱን አይዝም። አንዱን መስጠት አለብህ።

ጋሼ ጠይቆኝ ነበር። "ጠብቆ" አልኩት። ቀና ሳልል።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መጨረሻውን እየተናገርን ነው።

ማስተካከል ቀላል ነው፤ ቃሏን ብቻ መልሶ ማንበብ ነው። በጥቅምት ድምፅ መሃል የታኅሣሥ ድምፅ ሊገባ ነው። ጥቁር ልብስ ላይ እንዳለ ነጭ ክር ይታያል። አለቃም ያን ጊዜ ያውቃል። ቀጠሮው ደርሷል። ወንድሜ የቀረውን ድምፅ ለሁለቱ ምዕራፎች ቆጥቦ ነው የያዘው፤ እኔ ደግሞ በስንፍናዬ ላስጨርሰው ነው።

ታኅሣሥ 4

ነገርኳቸው። ጋሼንና ጆሮን፣ ማሽኑ ሳይከፈት።

ጋሼ ይቆጣል ብዬ ነበር። ጭንቅላቱን ያዘና ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። "እኔስ! ሠላሳ ዓመት ይሰማል፣ ይሰማል ስል ኖሬ ምላሴ ጠብቆ ቀርቷል። አንቺ ላልቶ ብትዪኝም እኔ አጠብቀው ነበር።" ውሸት ነው። እንዳይከብደኝ ብሎ ነው።

"ድምፁ አይገጥምም" አልኩ።

ጆሮ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከፈተና አሮጊቷ ላይ አቆመው። "ይህን ቃል ከሷ ሌላ የሚለው ሰው አለ?"

"ከመጨረሻው መስመር በስተቀር የለም።"

"እንግዲያው ቃሉን ለምን ብቻውን እናወጣለን? አሮጊቷን እንዳለች እናውጣት። የምትለውን ሁሉ፣ ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ። ጋሼ ዛሬ ያላቸው ድምፅ…" ቃል ፈለገ። "ለአሮጊት የተሰፋ ነው። ጥቅምት ላይ ቢሆን ይህን ድምፅ ከየት እናመጣው ነበር?"

ጋሼ ተነሣ፣ ወደ ውስጥ ገባ፣ ኮሌታውን ነካ። "ይሰማል?"

"ይሰማል ጋሼ።"

"ይህች ልጅ ትሰማለች" አለ፤ አላልቶ፣ ከጉሮሮው ሥር፣ ጥርስ እንደሌለው ሰው። ያቺን አሮጊት ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ጥቅምት ላይ የነበረችው አሮጊት ለካ ሻል ደርባ የተቀመጠች ዜና አንባቢ ነበረች።

ምን ያህል እንደማመሰግን እዚህ ብቻ እጽፋለሁ። እዚያ "ይሄኛው ይሻላል" ነው ያልኩት።

ታኅሣሥ 12

አለቀ።

ዛሬ የመጨረሻው ገጽ ነበር። ደራሲዋ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ መጥታለች። የጋሼ ባለቤትም መጣች፤ ስቱዲዮ ገብታ አታውቅም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀመጠች። አለቃ በሩን ተደግፎ ቆመ። ጋሼ ሁላችንንም አየና በማይኩ "ምን፣ ሠርግ አለ?" አለ። ድምፁ በጣም ዝቅ ብሏል። እንፋሎቱ ፊቱ ላይ ይሄዳል።

ቀስ ብሎ አነበበው። ማንም ስለ ፍጥነት አላነሣም። ልጅቷ ተናገረች፣ ድምፅዋ በየግቢው ወጣ፣ ወራሪዎቹ ድንኳናቸውን ነቀሉ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ትንፋሽ ወሰደ። ጆሮ እጁን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ አልተጫነውም።

"ልጅቷ ትሰማለች።"

አጠበቀው። "ማ" ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ። እንደገና እንዲያነበው ማንም አልጠየቀውም።

የጋሼ ባለቤት ደራሲዋን "ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ" አለቻት። ደራሲዋ አለቀሰች። እኔ ወረቀቶቹን በቅደም ተከተል አስተካከልኩ። ተስተካክለው ነበር።

ታኅሣሥ 27

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ደህና ወጥቷል። ለሳምንታት አንድ ቃል እንዳይናገር ታዟል፤ ሹክ ማለት እንኳ ክልክል ነው፣ ከመጮህ ይብሳል አሉ። ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ገዛሁለት። መጀመሪያ የጻፈው፦ "ነርሷ ዜና አነባበብ አትችልም።"

ጆሮ ሊጠይቀው መጥቶ ነበር። ደረጃው ላይ "ስማ፣ ስቱዲዮው አጠገብ አናጺ አለ?" አልኩት።

"አናጺ? የምን አናጺ?"

ጥር 1

አለቃ ቢሮ ሄድኩ። ላመሰግንዎ ነው የመጣሁት አልኩት።

"በምኑ?"

"በጠዋቱ።"

"ጠዋትን እኔ አላመጣሁት" አለና ወረቀቱን ማገላበጥ ቀጠለ። ስወጣ "የአሮጊቷን ቦታ ደግሜ ደግሜ ነው የምሰማው፤ ንገሪው" አለኝ።

ጥር 5

ውጤቱ መጣ። ደግ ናት።

ሰሌዳው ላይ "ደግ ናት" ብሎ ጻፈና ለባለቤቱ አሳያት። ደምስሶ እንደገና ጻፈው። እሷ ካውያውን ሶኬት ላይ ሰክታ ልብስ ሳታወጣ ቆማ ቀረች።

ድምፁን በተመለከተ ሐኪሙ አሁንም "አብረን እናያለን" ነው የሚለው። በሽታው ክፉ አለመሆኑ እንዲበቃኝ ራሴን እመክራለሁ። ይበቃኛል። አብዛኛውን ሰዓት ይበቃኛል። ቤቱ ግን ጸጥ ብሏል። ጠመኔው ሲንቋቋ ነው ጋሼ እንዳለ የማውቀው።

ጥር 10

መጽሐፉ ወጣ። ደራሲዋ ደወለች፤ አንድ ተማሪዋ መጨረሻውን ሰምቶ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ "መምህር፣ ለካ ጠብቆ ነበር!" አላት። ሂሳብ እያስተማረች ነበር።

አዲስ ታሪክ ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ሆኗል። አልቆረጥኩትም።

ጥር 16

ዛሬ ሐኪሙ ድምፁን የሚፈትሽበት ቀን ነበር። ሦስታችንም ሄድን። ጋሼ ሰሌዳውን በብብቱ ይዟል፤ ኮሌታውን ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ። ተራው ደርሶ ሊገባ ሲል ነርሷ የመድኃኒት ማዘዣ ሰጠችኝና "መድኃኒት ቤቱ ለምሳ ሳይዘጋ" አለችኝ። እዚያው መሆን ፈልጌ ነበር። አላልኩም። እሱ ከባለቤቱ ጋር ገባ፣ እኔ ደረጃውን ወረድኩ።

መድኃኒት ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ወረፋ ነበር። ከፊቴ ያለችው ሴት ሽሮፑ ለልጅ ነው ለአዋቂ እያለች ከሻጩ ጋር ትሟገታለች። እሷ ስትወጣ ወረቀቱን ሰጠሁት። አነበበው፣ መሰላሉን አስጠጋ፣ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ወጣ።

ስልኬ ጠራ። የጋሼ ቁጥር ነው። ባለቤቱ መስላኝ "ሄሎ፣ እየገዛሁ ነው" አልኩ።

ዝም። ትንፋሽ ብቻ። አያፏጭም።

ከዚያ አንድ ድምፅ። የማላውቀው ድምፅ ነው፤ ወፍራም፣ ገና ያልተሞረደ፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ። የጥቅምቱም አይደለም፣ የታኅሣሡም አይደለም።

"ይሰማል?"

ከኋላ የሐኪሙን ሳቅ ሰማሁ። ሌላ ነገር እንዳይናገር ሲከለክለውም ሰማሁ።

"ይሰማል ጋሼ" አልኩት።

ሻጩ መሰላሉ ላይ እንዳለ ሁለት ካርቶን ወደ እኔ ዘረጋ። "እመቤት፣ የትኛው ይሁን? ፈሳሹ ነው እንክብሉ?"

ማዘዣውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።